ከደንገጎ ቁልቁል

ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ውስጥ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐዲዱን በጥርስ እየነከሰ ዳገት የሚወጣ ጥርሳም ባቡር አለ። ከማሪየንፕላትስ ተነስቶ ደገርሎኽ እስኪደርስ 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ከፊቱ የብስክሌት መጫኛ ጋሪ ይገፋል። ሰዉ ጭኖ ይወጣል፣ በጫካው ይወርዳል። የድሬ ልጅ ይህን ሲያይ ከከተማው በላይ ዳገቱ አናት ላይ ያለው ደንገጎ ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ ድሬዳዋ ያንኑ ሥራ በሚኒባስ ጣሪያ ትሠራዋለችና።

ከደንገጎ ድሬ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቁልቁለቱም ከ700 ሜትር በላይ። ጣሪያ ላይ በሲባጎ የታሰረ ብስክሌት በየመታጠፊያው ይንሸራተታል፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ላስቲክ ግን ጠብቆ ይይዘዋል። የካቴናው ጎን ወደ ላይ ይሁን። ሒሳቡን ከረዳቱ ጋር መነጋገር ከመጫን በፊት ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ጣጣ የሚያመጣው ፍሬን ነው። ከላይ እስከ ታች ጨምድዶ የያዘ ሰው ቸርኬው ይግልበታል፣ የፍሬኑ ጎማ ይለሰልስና መያዝ ያቆማል፤ ሲብስ ከመነዳሪው ይፈነዳል። መፍትሔው ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ፣ ሲዞሩ ለቀቅ፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ። ቸርኬው ጣት ካቃጠለ ወርዶ ማብረድ ነው፣ ውሃ ሳይደፉበት።

ከአስፋልቱ ወጥቶ በእግር መንገድ የሚገባ ደግሞ የግራር እሾህ ይጠብቀዋል። የተበሳው ከመነዳሪ ሲለጠፍ፣ ማስቲሹ ተቀብቶ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው 5 ደቂቃ ያህል ካልቆየ፣ ልጣፊው በድሬ ሙቀት ይለቃል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከመነዳሪው ከመመለሱ በፊት ጎማውን በውስጥ በኩል በጣት መዳበስ ይገባል፤ ተሰብሮ የቀረ እሾህ ያንኑ ቦታ ደግሞ ይወጋል።

ሽቱትጋርት ባለችበት በባደን ቩርተምበርግ ክልል የደን ሕግ ከ2 ሜትር በጠበበ የጫካ መንገድ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው። እዚህ ጠባቡ መንገድ የገበያተኛው ነው። የተጫነ አህያ ሲመጣ ወርዶ በዳገቱ በኩል መቆም ያስፈልጋል፤ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ጭነቱ ገፍቶ ይጥለዋል። የእርከን ድንጋይም አይረገጥ፤ አንዱ ከተናደ የገበሬው አፈር በክረምት ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ከጀርመን ቢመጣ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ። ደረቁ የወንዝ አሸዋ ለመንዳት ያጓጓል። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተማዋ ላይ ሲወርድ ያመጣው የደጋውን ዝናብ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ፣ የድሬ ሰማይ ቢጠራም፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከአሸዋው መውጣት ነው።