ጉድጓዱን ቆጥረን ውሃውን ረሳነው

ጥር 2014 ላይ ለዘመድ ሰርግ ምስራቅ ጎጃም ገጠር ገብቼ ነበር። ከሰርጉ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የውሃ ወሬ ነው፣ ለጠላውም ለወጡም የሚሆነው ውሃ ከወንዝ በአህያ ነው የመጣው፣ ሴቶቹ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሱ ሶስት ቀን ሙሉ ተመላልሰዋል። ከቤቱ አስር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ግን የእጅ ፓምፕ አለ። ሄጄ አየሁት። ዙሪያው በእንጨት ታጥሯል፣ በሩ ሰንሰለት አለው፣ ሲሚንቶው ላይ የተሰራበት ዓመትና ያሰራው ድርጅት ስም ተጽፏል። እጀታውን ይዤ አርባ ሃምሳ ጊዜ ገፋሁት፣ ትንሽ ተንጠባጠበና ቆመ።

የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ አንዲት ጠና ያሉ እናት ናቸው፣ ደብተራቸውን ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ። የየቤቱ ስም ተጽፏል፣ በየወሩ የተከፈለው ብር አለ፣ ያልከፈለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። እኔ እንግዲህ ከተሜ ነኝና ሰው ሳያዋጣ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። «ብሩስ አለ ልጄ፣ የጠፋው ጎሚኒው ነው» አሉኝ።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው፣ በብዙ የገጠር ቀበሌ የምናየው ዓይነት። ውስጡ ፒስተኑ ላይ የምትገባ አንዲት ጎሚኒ አለች፣ ባለሙያዎቹ ዩ-ሲል ይሏታል፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ እቃ ናት፣ በዓመት አንዴ ገደማ መቀየር አለባት። ስትበላ ውሃው በጎኗ እየሸሸ ይቀራል፣ ሰው ደግሞ እምቢ ሲለው እየበረታ ይገፋል፣ በዛ ግፊት እጀታው የሚዞርበት ቡሽም ያልቃል፣ ጥቂት ወር ከቆየ የአንድ ጎሚኒ ጉዳይ የነበረው የሙሉ ፓምፕ ጉዳይ ይሆናል። ይሄ ፓምፕ እኮ ሲሰራ ጀምሮ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፣ ቱቦውን ሳይነቅሉ ፒስተኑን በእጅ ስቦ ማውጣት ይቻላል። ኮሚቴው ውስጥ ስልጠና የወሰደ ልጅ አለ፣ መፍቻውም አለ። ወረዳ ሁለት ጊዜ ሄደዋል፣ አንዴ ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል ተባሉ፣ አንዴ ስቶር ውስጥ የለም ተባሉ። እንደዛ እንደዛ እያለ አምስት ወር ሞላው።

ዘላቂ የልማት ግቦች ሲባል እኔ ሁሌ ትዝ የምትለኝ ያቺ ጎሚኒ ናት። 17ቱ ግቦች መስከረም 2008 ላይ ኒውዮርክ በተባበሩት መንግስታት ሲጸድቁ 169 ዝርዝር ግብ ነበራቸው፣ ከዛ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ የዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ጉባኤ የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስድስተኛው ግብ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ንጹህና አቅምን ያገናዘበ የመጠጥ ውሃ ለሁሉም ይደርሳል ይላል። ለሁሉም ነው ያለው፣ የሰርጉን ቤት ሴቶች ይጨምራል።

ኢትዮጵያ በውሃ ምንም አልሰራችም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ከዚህ በፊት የነበረው የሚሊኒየሙ ግብ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዘጋ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ሪፖርት የተሻሻለ ውሃ (ከቧንቧ ወይም ከተጠበቀ ጉድጓድና ምንጭ የሚቀዳ) የሚያገኘው ህዝብ 57 ፐርሰንት ደርሶ አገሪቱ የውሃውን ግብ አሳክታለች ተብሏል፣ ይሄ በብዙ ሰው ላብ የመጣ ነው። አዲሱ ግብ ግን መለኪያውን ከፍ አደረገው፣ ውሃው ግቢ ድረስ መምጣት አለበት፣ በተፈለገ ሰዓት መኖር አለበት፣ ከብክለትም ነጻ መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን ስንለካ ከአስር ሰው ሁለት እንኳን አንሞላም።

ችግሩ እኛ አሁንም በድሮው ሚዛን ነው የምናስበው። ለብዙ ዓመት ሽፋን የሚሰላው እንዴት ነበር፣ የተሰራው ጉድጓድ ይቆጠራል፣ አንድ የእጅ ፓምፕ ለዚህን ያህል ሰው ይበቃል ተብሎ ይባዛል፣ በቃ ፐርሰንቱ ወጣ። ፓምፑ ከተመረቀ በኋላ በዓመቱ ቢቆምም ቁጥሩ አይቀንስም። በ2003 ዓ.ም. አገር አቀፍ ቆጠራ ሲደረግ ከገጠር የውሃ ተቋማት ከአራቱ አንዱ ገደማ እንደማይሰራ ታይቷል። ያ ሩብ እኮ ባዶ ቁጥር አይደለም፣ ሪፖርት ላይ ውሃ ጠጪ ተብሎ የተመዘገበ፣ ቤቱ ግን የወንዝ ውሃ የሚጠጣ ህዝብ ነው።

የገጠሩ ስታንዳርድ በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ ጊዜ በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተብሎ ነበር። አምስት ሰው ያለበት ቤት 125 ሊትር ማለት ነው፣ በ25 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን አምስት ጀርባ። ፓምፑ ሲቆም ይሄን ማን ይሸከማል፣ ሴቷና ሴት ልጅ ናቸው። አምስት ማመላለስ ስለማይቻል ሁለት ይመጣል፣ ከዛ እጅ መታጠብ ይቀራል፣ ህጻኑን ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሶስተኛ ፔሬድ ላይ ትደርሳለች። የጤናው ግብ፣ የትምህርቱ ግብ፣ የሴቶች እኩልነት ግብ በየሴክተሩ ተከፋፍሎ ሪፖርት ይሰራበታል፣ እዛ ቤት ግን ሁሉም የቆሙት አንድ ቀን ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ መፍትሄው እዛው አማራ ክልል ውስጥ ተሞክሮ የሚታወቅ መሆኑ ነው። በፊንላንድ ድጋፍ የተጀመረው ማህበረሰቡ ራሱ ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድርበት አሰራር የግንባታውን ብር በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል ለውሃ ኮሚቴው ነበር የሚያስተላልፈው፣ ሲሚንቶ የሚገዛው ኮሚቴው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው፣ ወረዳው ይከታተላል ያማክራል። ግንባታ ሳይጀመር ደግሞ ህዝቡ ለጥገና የሚሆን ብር ይቆጥባል። የራሱን ብር ፈርሞ ያወጣ ገበሬ ፓምፑ ሲበላሽ የመንግስት ነው ብሎ አይተወውም። ዓለም አቀፉ ግብ ውስጥ 6.ለ የሚባለው የአካባቢው ህዝብ በውሃ አስተዳደር ይሳተፍ የሚለው ነጥብ ይሄው ነው፣ እኛ ከጸደቀበት ቀን በፊት ጀምረን ስንሰራው የነበረ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የጎደለው የመለዋወጫው መንገድ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እስከ ቀበሌ የሚያደርስ ዩኒየንና የገበሬ ማህበር እያለን፣ አንድ ካርቶን ዩ-ሲልና ቡሽ እዛው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? ኮሚቴው ብር ከፍሎ ይገዛል፣ በነጻ ስጡን ያለ የለም። ወረዳውም በዓመት ስንት ጉድጓድ ቆፈርክ ከሚባል ያሉህ ፓምፖች በዓመቱ ስንት ቀን ውሃ ሰጡ ተብሎ ይጠየቅ፣ ግምገማው በዛ ይሁን፣ ያኔ ስቶር ውስጥ የለም የሚለው መልስ አያስኬድም። አዲስ ጉድጓድ አይቆፈር እያልኩ አይደለም፣ ምንም የሌለው ቀበሌ ብዙ ነው። ግን ሰኔ 2017 ላይ የአሜሪካ መንግስት ዩኤስኤይድን ሲዘጋ ሁላችንም አይተናል፣ የውጭ ብር በአንድ ጀንበር ይቆማል፣ ያን ጊዜ እጃችን ላይ የሚቀረው የተሰራው ነው።

ከሰርጉ ስመለስ ባህር ዳር ላይ ጎሚኒዋን ጠይቄ ጠይቄ ሶስተኛው ሱቅ አገኘኋት፣ አራት ገዝቼ በመኪና ረዳት ላኩላቸው። በሳምንቱ ገንዘብ ያዥዋ ደወሉልኝ፣ ልጁ አንዷን እንደቀየረ ከጥቂት ግፊት በኋላ ውሃው መጣ፣ ሶስቱን እሳቸው ሳጥን ውስጥ ከደብተሩ ጋር አስቀምጠዋል። ከዛ ወዲህ በጸጥታው ምክንያት አካባቢውን ሄጄ አላየሁትም። ባለፈው በስልክ ሲያገኙኝ ሶስቱም ማለቃቸውን፣ ወረዳው ላይ አሁንም የሚሸጥ እንደሌለ ነገሩኝ።