ሥነ መለኮትን ለመንፈሳዊ ኮሌጆች ብቻ መተው አይበቃም

በአዲስ አበባ የክርስትናን ሥነ መለኮት በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ደረጃ መማር የሚፈልግ ሰው አማራጭ አላጣም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ቅድስት ሥላሴ አለለት፤ ወንጌላዊው አማኝ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪን ወይም የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤትን ሊመርጥ ይችላል፤ ካቶሊኩም የካፑቺን ፍራንሲስካን ተቋም አለው። ይሁንና ተማሪው ከእነዚህ በአንዱ ገብቶ እስኪመረቅ ድረስ ከሌላ እምነት ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ የራሱን ጽሑፍ ሳያስተች፣ የሌላውንም ሳይተች ሊወጣ ይችላል። የተዋሕዶው ተማሪ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩትን ጉዲና ቱምሳን ሳያነብ፣ ወንጌላዊው የተዋሕዶውን ሊቅና ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ሳያውቅ፣ ሁለቱም ቁርኣንን ገልጠው ሳያዩ የሥነ መለኮት ባለሙያ ተብለው ሊሾሙ ይችላሉ። ይህ ክፍተት በኮሌጆቹ ጥረት ብቻ የሚሞላ አይመስለኝም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሃይማኖትን፣ በውስጡም የክርስትናን ሥነ መለኮት፣ በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚያስተምር ራሱን የቻለ ክፍል ሊከፍቱ ይገባል እላለሁ።

ይህን ሐሳብ ሲሰማ ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠቅሰው ሕገ መንግሥቱን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዝዛል። ነገር ግን ከተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ስለ ሃይማኖት ማስተማርና ስለ ሃይማኖት ዝም ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ራሱም ዝም አላለም፤ ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ በአንቀጽ 34 በር ከፍቷል፣ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረው ተቋቁመዋል። ለሸሪዓ ፍርድ ቤት በጀት የሚመድብ፣ የቤተ እምነቶችን ሕጋዊ ሰውነት የሚመዘግብና በእምነት ስም የተነሣ ግጭትን ለማብረድ ሽማግሌ የሚልክ መንግሥት፣ ስለ ሃይማኖት በጥልቀት የሚያውቅ ሰው ማሠልጠን ከእኔ አይጠበቅም ማለቱ አሳማኝ አይደለም።

ሥነ መለኮት ለዩኒቨርሲቲያችን እንግዳ ነው የሚለውም አባባል ታሪክን ይዘነጋል። የቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ በአንድ ወቅት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር። በደርግ ዘመን ተዘጋ፣ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ዳግም ሲከፈት ግን በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር እንጂ ወደ ዩኒቨርሲቲው አልተመለሰም። የቀድሞው አሠራር ጉድለት እንደነበረበት መካድ አይቻልም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ የደነገገ በመሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲው ቦታ ያገኘው ሥነ መለኮትም የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የእኩልነት ጥያቄ ይዞ የወጣው የሙስሊሞች ሰልፍ የተቃወመውም ይህን መሰሉን አድልዎ ነው። ለዚያ ጥያቄ ተገቢው መልስ ለሌሎቹም ወንበር መጨመር ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን የነበረውን ወንበር ማንሣት ሆነ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የትምህርቱ ይዘት ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ ሥነ መለኮት ከሌሎች እምነቶች ተነጥሎ የበቀለ አይደለም፤ በተነጠለ ክፍል ሲጠና ግማሹ ይጎድላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖስ ገዳም እጨጌ (አለቃ) የነበሩት አቡነ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ ሰው ነበሩ። አንቀጸ አሚን የተባለው ድርሳናቸው ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የተጻፈ ሲሆን፣ ስለ ክርስትና የሚሟገተው የቁርኣንን ቃል እየጠቀሰ ነው። አገር በጦርነት ሲነድድ አንድ መነኩሴ ለተቀናቃኙ ወገን መሪ በዚያው ወገን መጽሐፍ ተመሥርቶ ይጽፋል። በክርክሩ መስማማት አይጠበቅብንም፤ እኔም በሁሉም ቦታ አልስማማም። ነገር ግን ይህን ድርሳን በቁም ነገር መተንተን የሚሻ የዶክትሬት ተማሪ ግዕዝ ብቻ አይበቃውም፤ ቁርኣንንና ትርጓሜውን የሚያውቅ መምህር ያስፈልገዋል፣ ያ መምህር ደግሞ ሙስሊም ሊቅ ቢሆን የተሻለ ነው።

ዕንባቆም ብቻቸውን አይደሉም። የተዋሕዶ ነገረ ሃይማኖት ዋና ምስክር የሆነው ሃይማኖተ አበው ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ከአረብኛ ነው። ለዘመናት የሕግ ምንጭ ሆኖ ያገለገለው ፍትሐ ነገሥትም መነሻው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የግብፅ ክርስቲያን ሊቅ በአረብኛ ያዘጋጀው ሥራ ሲሆን፣ በፍትሐ ብሔር ክፍሉ ከእስልምና ሕግ የተወሰዱ ድንጋጌዎች አሉበት። በሌላው ወገን ደግሞ የወሎ ሊቃውንት መንዙማን በአማርኛ ደርሰው በአረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱ የተጠቀሙት በግዕዝ ፊደል ነው፤ ሥራው በ1899 እ.ኤ.አ. ሲታተም ያነበበው ሕዝብ ስለ ዋቃ (ፈጣሪ) የራሱ ጥልቅ እምነት የነበረው ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያነብ ተቋም ከሌለ የአንዱን ቅርስ ለአንዱ፣ የሌላውን ለሌላው ቆራርሰን እናከፋፍላለን፤ የጋራ የሆነው ክፍል ደግሞ ባለቤት ያጣል።

እንዴት ይደራጅ ለሚለው ከሌሎች አገሮች የምንማረው አለ። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ፋኩልቲዎች አሏቸው፤ የአገሪቱ የሳይንስ ምክር ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ምክረ ሐሳብ ወዲህም እንደ ሙንስተርና ቱቢንገን ባሉ ከተሞች የእስልምና ሥነ መለኮት ማዕከላት ተከፍተዋል። ሥርዓቱ ለቤተ እምነቶች ክብር ይሰጣል፣ ነገር ግን በመምህራን ላይ የመወሰን ሥልጣንንም አብሮ ይሰጣቸዋል። የቱቢንገኑ ካቶሊካዊ የሥነ መለኮት ምሁር ሐንስ ኩንግ በ1979 እ.ኤ.አ. በቤተ ክርስቲያኑ የማስተማር ፈቃዱን ሲነጠቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ከካቶሊክ ፋኩልቲው ውጭ ፕሮፌሰርነቱን ማቆየት ግድ ሆኖበታል። ኔዘርላንድስ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሥራውን ለሁለት ከፈለችው፤ የሃይማኖቶችን ታሪክና ቋንቋዎችን የመሳሰሉት በመንግሥት መምህራን፣ ትምህርተ ሃይማኖት ግን በቤተ ክርስቲያን በተሾሙ መምህራን እንዲሰጡ ሆነ። ይህ ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። አደጋውም ግን ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከጊዜ ወደ ጊዜ ተራርቀው ዛሬ የፕሮቴስታንት አገልጋዮች ሥልጠና በቤተ ክርስቲያኑ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃልሏል። ስለዚህ የእኛ ሥርዓት ሲቀረጽ ሁሉም ተማሪዎች አብረው የሚገቡበት፣ እያንዳንዱ የራሱን እምነት ለሌላው በሚገባ ቋንቋ የሚያስረዳበት የጋራ ሴሚናር በምርጫ ሳይሆን በግዴታ ሊሰጥ ይገባል።

ከአማኞች ወገን የሚመጣው ስጋት ከሕገ መንግሥቱ ክርክር ይልቅ ይከብደኛል። መንግሥት በሃይማኖት ውስጥ እጁን ሲያስገባ ምን እንደሚከተል አገራችን ታውቃለች። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ የሰበሰቡት ጉባኤ በክርስቲያኖች መካከል የነበረውን የነገረ ክርስቶስ ክርክር በአዋጅ ዘጋው፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ዩኒቨርሲቲ የትኛው እምነት ትክክል እንደሆነ የሚፈርድ ሁለተኛ ቦሩ ሜዳ ከሆነ እኔም የመጀመሪያው ተቃዋሚ እሆናለሁ። ልጆቻችን ገብተው ሃይማኖታቸውን ጥለው ይወጣሉ የሚለውን ግን አልቀበለውም። በአራቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያት ያለፈ የአብነት ተማሪ ጥያቄና ሙግት አያስደነግጠውም፤ የአንዱን ጥቅስ ልዩ ልዩ ፍቺ እየደረደረ፣ የመናፍቃንንም ቃል እየጠቀሰ መልስ ሲሰጥ ነው ያደገው። ይልቅስ የሚያሳዝነው፣ እንዲህ ያለው ሊቅ ዲግሪ ስለሌለው በዩኒቨርሲቲ መቀጠር አለመቻሉ ነው። የድኅረ ምረቃ ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ መፈታት ካለባቸው የደንብ ችግሮች አንዱ ይህ ነው፤ ለመጻሕፍት መምህሩም ለደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) አስተማሪውም እውቀታቸው ተመዝኖ የማስተማር መብት የሚያገኙበት መንገድ ሊዘጋጅ ይገባል።

መነሻ የሚሆን ነገርም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት የግዕዝን የእጅ ጽሑፍ የሚመረምረውና የአረብኛና የዓጀሚን (በአረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ቋንቋዎችን) ጽሑፍ የሚያነበው ተማሪ በአንድ ክፍል ሥር ናቸው፤ ይህም የምመኘው ጉርብትና በቋንቋ ጥናት በኩል እንደተጀመረ ያሳያል። ከዚያ ተነሥቶ የሥነ መለኮት መምህራንን መጨመር አዲስ ሕንጻ ከመሥራት ይቀላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ በነበረበት አገር የመምህራኑን ወንበር በቁጥር መጠን ለመከፋፈል መሞከር ግን ክፍሉን ገና ሳይጀምር ወደ ኮታ ጭቅጭቅ ይከተዋል። ቤተ እምነቶች ዕጩ ያቅርቡ፣ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት በዕውቀት መዝኖ ይምረጥ፤ አንዴ የተሾመውን መምህር በጻፈው ምክንያት የማንሣት ሥልጣን ግን ለጠቋሚው ቤተ እምነትም ለመንግሥትም አይሰጥ። በብርቱ የሚያከራክረው ነጥብ ይህ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት በደንቡ ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት።