ማስተካከያ፦ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ለምትገመግሙ በጎ ፈቃደኞች

በአሜሪካ ለኮሌጅ ተማሪዎች የማኅበረሰብ ስኮላርሺፕ ለምትገመግሙ በተላከው መመሪያ ላይ የገንዘብ ችግር የሚለካው በኢኤፍሲ (ቤተሰቡ ለኮሌጅ ሊያዋጣ ይችላል ተብሎ የሚገመተው መጠን፣ EFC) እንደሆነ፣ ዝቅተኛው ቁጥርም 0 እንደሆነ ተጽፏል። ይህ ይስተካከል። ከ2024–25 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ፣ FAFSA) የሚወጣው ቁጥር ኤስኤአይ (የተማሪ እርዳታ መለኪያ፣ SAI) ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ችግሩ የበዛ ነው፤ እስከ -1500 ይወርዳል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ስታዩ የትየባ ስሕተት መስሏችሁ እንዳታጠፉት። ምልክቱ ከጠፋ በጣም የተቸገረው ተማሪ 1500 እንዳለው ይቆጠርና 0 ካለው ተማሪ ኋላ ይሰለፋል። ባዶ የተተወ ቦታም 0 ማለት አይደለም። ፋፍሳ መሙላት የማይፈቀድላቸው ተማሪዎች አሉ፤ የእነሱን ችግር ከቤተሰቡ የገቢ ማስረጃ እዩ።

ከሁሉም የሚብሰው የወንድምና እህት ጉዳይ ነው። በቀድሞው ስሌት ሁለት ልጆች አብረው ኮሌጅ ከገቡ የወላጅ ድርሻ ለሁለት ይካፈል ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። በመመሪያው ላይ ስለ ወንድምና እህት «ቁጥሩ ውስጥ ስላለ ተጨማሪ ነጥብ አይሰጥም» የሚለው መስመር ይሰረዝ፤ ኮሌጅ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ከችግር ነጥቡ ጋር ይታዩ። አገር ቤት ላሉ አያቶች በየወሩ የሚላክ ገንዘብም ከገቢው ላይ አይቀነስም። ብዙ ቤተሰቦቻችን ይህን ሸክም ስለሚሸከሙ ተማሪው በድርሰቱ ከጠቀሰው አትለፉት።

ነጥብ ሰጥታችሁ የጨረሳችሁ የችግር ነጥቡን ብቻ ደግማችሁ ሙሉ። የትምህርትና የድርሰት ነጥብ እንዳለ ይቆያል።