ለመራመድ ሰበብ ሲጠፋ

ጅማ ውስጥ ሁለት ጎልማሶች ጠዋት በባዶ እጃቸው ወደ ጅሬን አቅጣጫ ሲራመዱ ከታዩ ወይ ለቅሶ አለ፣ ወይ ሽምግልና አለ፣ ወይ የሚሸጥ ነገር አለ። ይህንን ኤድንብራ ከተማ አውቶቡስ ስነዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ረስቼው ኖሯል።

እዚያ ጎልፍ ያስጀመረኝ ጡረታ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኛ አገር ጎልፍ ሲባል ቶሎ የሚታየን ኤምባሲና ባለሥልጣን ነው። በስኮትላንድ ሾፌሩም ግንበኛውም ይጫወተዋል። ኤድንብራ ውስጥ ብረንትስፊልድ ሊንክስ በሚባለው መስክ የራሱን ዱላ ይዞ የመጣ ሰው ሳንቲም ሳይከፍል ይጫወታል። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን የከለከለው ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ዘንግቶ ኳስ ላይ ስለተጣደ ነበር። ጨዋታው የጌቶች ብቻ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ለሠራዊቱ ባልሠጋም ነበር።

መጀመሪያ የወጣሁት እናቴ ጅማ ባረፈች በሦስተኛው ወር ነው። ለቀብሯ አልደረስኩም። የሌሊት ተራ እየነዳሁ ቀን እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። ያ ሽማግሌ ይህንን ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን ስለ እናቴ አላነሳብኝም። ዱላውን ሰጠኝ፣ አቋቋሜን አስተካከለልኝ፣ መታሁ፤ ኳሷ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። «በል እንሂድ» አለኝና መራመድ ጀመርን።

ጎልፍ ከሌላው የኳስ ጨዋታ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእግር ኳስ ስትሳሳት ጨዋታው አይጠብቅህም፤ ተመልካቹም ይጮህብሃል። በጎልፍ ግን ያበላሸሃት ኳስ ሄዳ ካረፈችበት እስክትደርስ መቶ፣ ሁለት መቶ ሜትር በእግርህ መሄድ አለብህ። የመጀመሪያዎቹን ሃያ እርምጃዎች ራስህን ትሰድባለህ። ቀጥሎ ንፋሱ ይሰማሃል፤ የሣሩን ጤዛ በጫማህ ታያለህ። ኳሷ ዘንድ ስትደርስ ያለፈው ምት አልፎ የሚቀርህ የሚመጣው ብቻ ነው። ይህ በአንድ ጠዋት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለቀብሩ ያልደረሰ ሰው የሚያስፈልገው ይህን ዓይነት ልምምድ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ጎልፍ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ጎልፍ ተጫዋቾችን መዝገብ አይተው፣ የሞት መጠናቸው በዕድሜና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሰዎች በ40 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ነው ቀድሞውኑ ዱላ ተሸክሞ የሚወጣው፤ ሁሉንም ለጨዋታው መስጠት አይቻልም። በ2016 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ሰፊ የጥናቶች ዳሰሳም ለአካል ጤና ያለውን ጥቅም አጉልቶ ሲያሳይ፣ ስለ አእምሮ ጤና ያለው ማስረጃ ገና ስስ መሆኑን አልደበቀም። እኔ የምመሰክረው እንቅልፌ መመለሱን ነው።

ዘንድሮ ጅማ ስገባ ይህንን ሁሉ ለታላቅ እህቴ በቡና ላይ አወራሁላቸው።

«በዚህ ዕድሜህ ኳስ በዱላ ታባርራለህ?» አሉኝ እትዬ። «ገናም እኮ ዓመት ጠብቆ ነው!»

እውነታቸውን ነው፤ ዱላና ኳስ ለእኛ አዲስ አይደለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚል ሕዝብ ጨዋታ ንዴትን እንደሚያበርድ ሳያውቅ አልቀረም። ችግሩ ገና በዓመት አንዴ መምጣቱ ነው፤ የእትዬ ባል ደም ግፊት ግን በየቀኑ ነው።

ባሏ ጋሼ እዚያው ጅማ መርካቶ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሱቅ ቁጭ፣ ቡና ላይ ቁጭ፣ ለቅሶ ቤት ቁጭ። ሐኪማቸው «በእግርዎ ይሂዱ፣ ሐሳብም ይቀንሱ» ብሏቸዋል። ቡናውን አልነቅፍም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ጎረቤት የሚተነፍሰውን ያህል ፈረንጅ ለሥነ ልቦና ባለሙያ በሰዓት ከፍሎም አይተነፍስም፤ ያ የስኮትላንድ ዝምታ ሰው የሌለውን ሰው ሊገድልም ይችላል። ግን ቡና ላይ የራስህን ጭንቀት አራግፈህ የጎረቤትህን ተሸክመህ ትነሳለህ፤ የዘይት ዋጋ፣ የልጆች ሥራ ማጣት፣ የዶላር ምንዛሪ። በዚያ ላይ እግርህ ከበርጩማው አልራቀም።

«ታዲያ ለምን አይራመዱም?» ብላቸው ጋሼ በመገረም አዩኝ። «ወዴት?»

መልስ አጣሁ። የጎልፍ ተጫዋች ወዴት ይሄዳል? ኳሷን የሚከትባቸውን 18 ጉድጓዶች በእግሩ ሲያዳርስ የሚጓዘው መንገድ ከጅማ መሃል እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከሚወስደው ብዙም አይርቅም። ዞሮ ዞሮ ግን መኪናውን ወዳቆመበት ነው የሚመለሰው። ኳሷ ሰበብ ናት። ያለ እርሷ ለአራት ሰዓት ያህል ሣር ላይ ቢዞር እርሱንም ጎረቤቱ ይጠረጥረዋል። እኛ ለመቀመጥ ቡናን ያህል ሰበብ አበጅተናል፤ ለመራመድ ግን ምንም የለንም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼን ይዤ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ጅሬን ወጣሁ። አሥር ደቂቃ ሳንሄድ ባጃጅ ቆመልን፤ «ምን ገጠማችሁ?» አለ ሾፌሩ። ጥቂት እልፍ ስንል አንድ አዛውንት በኦሮምኛ «ኤሳ ዴምቱ?» (ወዴት ትሄዳላችሁ?) ብለው አስቆሙን። ጋሼ «ዝም ብለን ነው» ሲሏቸው ሰውየው ፊታቸው ተለወጠ፤ የደበቅናቸው መርዶ ያለ መሰላቸው። አራተኛው ሰው ሲጠይቀን ጋሼ ትዕግሥታቸው አለቀና «መሬት ልናይ ነው!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስቆመንም። ዳገቱ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቁልቁል ከተማዋን እያዩ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ጋሼን ዝም ብለው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ማታ ሁለት ደላሎች ደወሉላቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንወጣ አንደኛው በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቀን ነበር። ጋሼ ሊያባርሩት አልፈለጉም። ሦስት ሆነን ወጣን።