ማስተካከያ፦ ኮምቦልቻ የደረሰችው ጀልባ ጣሪያ አገጣጠምና የኤሌክትሪክ መስመር

ለጭነት ከፍታ ሲባል ጣሪያዋ ወርዶ በተሳቢ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ስለደረሰችውና ወደ ሐይቅ ስለምትሄደው ጀልባ ቀደም ሲል በተሰጠው የሥራ ማስታወሻ፣ ጣሪያው በብሎን ከታሰረ በኋላ ሽቦዎቹ ተጠማዝረው በናስትሮ እንዲጠቀለሉ የተገለጸው እንደሚከተለው ተስተካክሏል። በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ ጣሪያው ሳይታሰርም የመብራቱ፣ የጂፒኤሱና የሬድዮ አንቴናው ኬብሎች በደጋፊ ቧንቧዎቹ ውስጥ ያልፋሉ፤ አለዚያ የታሰረውን መልሶ መፍታት ይመጣል። በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ በንዝረት ይላላል (የሚሌን መንገድ ለሚያውቅ ሾፌር ይህን ማስረዳት አያሻም)፣ እርጥበት ሲገባበትም መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ በተርሚናል (በሽቦ ጫፍ ማያያዣ ብረት) ውስጥ ተጨፍልቆ፣ ሙጫ ባለውና በሙቀት በሚኮማተር ልባስ ይሸፈናል። ዋናው ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ፊትን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አዙሮ ሲታይ ቀዩ የጉዞ መብራት በግራ፣ አረንጓዴው በቀኝ ነው።