በሜዳ መካከል ለብቻው ስለሚቆመው ዛፍ

ይህ ስለ አየርላንዳውያን የመልካምና የክፉ ዕድል እምነቶች በተጻፈ አንድ ጽሑፍ ላይ የምሰጠው አስተያየት ነው። ጸሐፊው እምነቶቹን ሲያስረዱ የፈረስ ጫማንና ክሎቨር የተባለውን ባለ አራት ቅጠል ትንሽ ተክል በስፋት ገልጸው፣ በሜዳ መካከል ለብቻው የሚቆመውን ሀውቶርን የተባለ እሾሃማ ዛፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ተገቢ አልመሰለኝም። ይህ ዛፍ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጡራን መሰብሰቢያ እንደሆነ ስለሚታመን፣ የቆረጠው ሰው ሕመም፣ የከብት ሞት ወይም ሌላ መዓት ይደርስበታል ይባላል፤ ነጭ አበባውን ወደ ቤት ማስገባትም ክፉ ገድ ነው። እምነቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1999 በአየርላንድ ክሌር አውራጃ፣ ላቱን በተባለ ስፍራ የሆነውን ማየት ይበቃል፤ ሊመሪክን ከጎልዌይ በሚያገናኘው መንገድ ሥራ ምክንያት አንድ እንዲህ ያለ ዛፍ ሊቆረጥ ሲል፣ ታዋቂው ተረት ነጋሪ ኤዲ ሌኒሃን አጥብቀው በመቃወማቸው መንገዱ ዛፉን ሳይነካ እንዲያልፍ ተደርጓል። (ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅርንጫፎቹ በጥፋተኛ እጅ ቢቆረጡም መልሶ አቆጥቁጧል።) ይኸው የረቂቃኑ ፍጡራን ፍርሃት የእነርሱ ማደሪያ ናቸው የሚባሉትን፣ በአፈር ካብ የተከበቡ ብዙ ጥንታዊ መኖሪያዎችንም ከማረሻ ያተረፈ በመሆኑ፣ ጽሑፉ እምነቱን በደፈናው “ኋላ ቀርነት” ማለቱ ሊታረም ይገባዋል እላለሁ።