አምስት ስኒ ለቡናው፣ አንድ ቃል ለሰው

ቡና ቀማሽ አንድ ናሙና ሲቀርብለት አምስት ስኒ ይደረድራል። ለእያንዳንዱ ስኒ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና፣ 150 ሚሊ ሊትር ትኩስ ውሃ። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከላይ የረጋውን በማንኪያ ገፋ አድርጎ ያሸታል፤ በረድ ሲል እየቀመሰ ለጣዕሙም ለኮምጣጣነቱም ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል። ጉድለት ቢያገኝ ስንት ስኒ ላይ እንደታየና ምን ያህል እንደከፋ ይመዘግባል። ለዓመታት በተሠራበት ዓለም አቀፍ ቅጽ ቀላሉ ጉድለት 2፣ ከባዱ 4 ነጥብ ያስቀንሳል፤ ይህም በተበላሸው ስኒ ብዛት ይባዛል። ከመቶ 80 የሞላው ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ቡና ይባላል። 79 ያገኘው ግን አይደፋም፣ በደረጃው ይሸጣል።

ይህን ሁሉ ለቡና የምታውቅ ጅማ፣ ሰው ላይ ስትደርስ ሁለት ቃል ብቻ ይቀራታል። ልጁ ጎበዝ ነው ወይ ሰነፍ፤ ጎረቤቱ ወዳጅ ነው ወይ ምቀኛ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ነገሩ ያማል። 50 በመቶ የማለፊያ መስመር ነው፣ መስመር መኖሩም ተገቢ ነው። 47 ያመጣ ልጅ የቀረበት ግን በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው። በሬሜዲያል ወይም በሙያ ትምህርት መቀጠል የሚችለውን ልጅ «ወደቀ» ብለን ስሙን እንቀይርበታለን።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀመሩት የሥነ ልቦና ሕክምና ለዚህ የሚሠራበት ቀላል ዘዴ አለ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል። «ባሌ ለቤቱ ደንታ የለውም» የምትል ሴት ከ0 እስከ 100 መስመር ታሰምራለች። በቅድሚያ የምትሞላው ሁለቱን ጫፎች ነው። 0 ማለት ለአስቤዛ ሰባራ ሳንቲም የማይሰጥ፣ ልጁ ታሞ እንኳ «እንዴት ዋለ?» የማይል ነው። 100 ማለት አንድም ነገር የማይረሳ፣ የማይደክመው ነው። ከዚያ በኋላ ባሏን ታስቀምጣለች። 55 ላይ ቢያርፍ፣ 60 የሚያደርሰው ምን እንደሆነ ትጽፋለች፤ ለምሳሌ እሁድ አስቤዛውን እሱ ከመርካቶ ቢያመጣ። ይህ ተጠይቆ መልስ የሚያገኝ ነገር ነው፣ «ደንታ ቢስ» ግን ጸብ ብቻ ይጠራል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጫፎቹ ሳይጻፉ ነጥብ ሲሰጥ ነው። በንዴት ሰዓት መሞከርም አይጠቅምም፤ ንዴት የሚያስታውሰው ቢጤውን በደል ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሰው 5 ላይ ያርፋል። አንድ ሌሊት ይደርበት።

ዱላ ግን እዚህ መስመር ላይ አይገባም። ሻጋታ የበላውን ቡና ከደህናው ቀላቅሎ መካከለኛ ደረጃ የሚሰጠው የለም። የምትደበደብ ሴት «እሱም ደግ ጎን አለው» ተብላ በሽምግልና ስትመለስ፣ ሚዛናዊነት ተብሎ የተሠራው ግፍ ነው። ሽማግሌዎች ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ዛሬ ማታ እሷና ልጆቿ የት በሰላም እንደሚያድሩ ነው።